የመጨረሻዋ ሳትደርስ

ባለፈው ቅዳሜ አሶሳ ላይ በተካሄደ የሴት ተማሪዎች አገር አቋራጭ ውድድር የክብር እንግዳ ተደርጌ ተጠራሁ። ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር የክብር እንግዳ የሚሆነው የተሻለ ሰው ሲጠፋ መሆኑን አላጣሁትም። ቢሆንም ባለቤቴ ሸሚዜን ተኮሰችልኝ፣ እኔም ኮፍያዬን ደፍቼ ሄድኩ። ድንኳን ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ውሃ ሰጡኝ። ወሩ ግንቦት ነው፤ ማንጎ የሚረግፍበት ወር። ከጀርባዬ አንዲት እናት ለልጇ ማንጎ ስትልጥ ኖሯል፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ሯጮቹም፣ ድንኳኑም፣ ማይክሮፎን ይዞ የሚለፈልፈው ሰውዬም ጠፉብኝ። የማንጎ ሽታ ለእኔ የሐዋ ሽታ ነው። ባለቤቴ ይህን ስታነብ ፊቷ እንዳይለወጥ ቶሎ ብዬ ልናገር፤ ሐዋ የማንጎ ነጋዴ ነበረች፣ እኔንም ከማንጎ ልጣጭ አብልጣ ያየችኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ያኔ አሶሳ ሌላ ነበረች። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ በሰፈራው ጊዜ ከእናት ከአባቴ ጋር በመኪና ተጭነን መጥተን፣ ስም ሳይሆን ቁጥር በወጣላት መንደር ሰፈርን። እዚያው አደግኩ፣ ተማርኩ፣ መምህርነት ሰልጥኜም አሶሳ የስፖርት አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ዋናው መንገድ በበጋ ቀይ አቧራ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ ነበር። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ከታየ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው ወይ ሚስቱ ትዕግሥተኛ ናት ይባላል። ገበያው ጥግ ያለው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ የሱዳን ካሴት ያጫውታል፤ ግጥሙ ባይገባንም ዜማውን ሁላችንም እናውቀው ነበር፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳላስበው ሳፏጨው ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። ከርከዴ፣ ያ ቀዩ የአበባ ሻይ፣ በብርጭቆ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ስኳር ሲበዛበት ሠላሳ አምስት። አንድ ክምር ማንጎ፣ አምስት ፍሬ ከምርቃት ጋር፣ ሃምሳ ሳንቲም። የበርታ ሴቶች የሚከናነቡት ቶብ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ ገበያውን ሲሞላው፣ ከሩቅ ላየው ገበያ ሳይሆን ሰርግ ነበር የሚመስል። እኔም በበኩሌ በከተማው አለች የምትባል ሰማያዊ ቱታ ነበረችኝ። ከልባሽ ተራ ነው የገዛኋት፤ ጎኗ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አላት፣ ጉልበቷ ላይ ደግሞ ከእኔ በፊት የለበሳት ሰው ያስለጠፈው መጣፊያ። ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በዚያች ቱታ ገበያ መሃል ሳልፍ አገሩን የማስተዳድረው እኔ ይመስለኝ ነበር።

ሐዋን ያየኋት በዚያ ገበያ ነው። የአካባቢው ሴቶች ሸክም በጀርባ አያዝሉም፤ ትከሻቸው ላይ ረጅም እንጨት ያጋድማሉ፣ ከእንጨቱ ሁለት ጫፍ ቅርጫት ይንጠለጠላል፣ ሁለቱ ቅርጫቶች እኩል ካልከበዱ መራመድ አይቻልም። ከየመንደሩ ማንጎ ይዘው የሚመጡት በሰልፍ ነው፤ አንዷ ከአንዷ ኋላ፣ እንጨቱ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ከእርምጃ ፈጠን ከሩጫ ቀዝቀዝ ባለ አካሄድ። የሰልፉ አለቃ ሐዋ ናት ሲሉኝ ከፊት ፈለግኋት። ከፊት ያለችው ግን አንዲት ቀጭን፣ ጉልበቷ የከዳት አሮጊት ናት። ሐዋ፣ ያቺ ትከሻ ሰፊዋ፣ ከሁሉም በኋላ ነበረች፤ ቅርጫቷም ከሁሉም ይከብድ ነበር። እኔ ይህን እንደ ጉድ አየሁት። ባደግኩበት ወግ ጎበዝ ፊት ነው የሚሄድ፤ ኋላ የሚባል ማዕረግ እንዳለ ማን ነግሮኝ።

የገበያውም ሕግ የሷ ነበር። ሴቶቹ እንደሚሉት፣ ከሷ ዘመን በፊት ቀድማ የደረሰችው ቀድማ ትሸጥ ነበር። ደላሎቹ ይህን ስለሚያውቁ የመጀመሪያዋን ከከተማው መግቢያ ላይ ይቀበሉና፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ተመለሽ እያሉ ሲያባብሏት ዋጋውን ትሰብረዋለች፤ ከኋላ የመጡት ሁሉ በዚያው ዋጋ ይሸጣሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። አንድ ቀን ግን ሐዋ ቅርጫቶቿን አውርዳ፣ ቶቧን ላያቸው ላይ ዘርግታ፣ የመጨረሻዋ ሴት ሳትደርስ ማንጎ አይሸጥም አለች። ደላሎቹ ሳቁ፤ ቀጥለው ተቆጡ። የአይሱዙ ሾፌሮች ጥለን እንሄዳለን እያሉ ሞተር አስነሡ። ሴቶቹ ዝም ብለው ተቀመጡ። እኩለ ቀን ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ጉልበቷን ይዛ ደረሰች። ሐዋ ውሃ አጠጣቻትና፣ “በስንት ይሁን?” ብላ ጠየቀቻት። ዋጋውን የቆረጠችው እሷ፣ የመጨረሻዋ ናት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ሆኖ ቀረ። ውሎ አድሮ ደላሎቹ ራሳቸው ‘ምን ሆና ቀረች?’ እያሉ፣ ግንባራቸውን በእጃቸው ጋርደው፣ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ይውሉ ጀመር።

ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ። ሴት ተማሪዎችን ለሩጫ ሳዘጋጅ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የቡድን ውድድር ሕጉ ቀላል ነው፤ ከአንድ ቡድን ቀድመው የገቡት አራት ልጆች ደረጃ ይደመራል፣ ድምሩ ያነሰው ዋንጫ ይወስዳል፣ አራት ልጅ ያላስገባ ቡድን ጭራሽ አይቆጠርም። በመጀመሪያው ዓመት እታገኝ የምትባል የሰፋሪ ልጅ፣ ቀጭኔ የምታህል፣ ሁለተኛ ወጣችልኝ፤ የቀሩት እሷን እንከተል ሲሉ ልባቸው ሊፈርስ ደርሶ መንገድ ላይ ተቀመጡ። ባዶ እጃችንን ተመለስን። የቀሩትን ተቆጣሁ፣ እታገኝን አሞገስኩ፣ ነገሩ በዚያ ያለቀ መሰለኝ። በሁለተኛው ዓመት ዘይነብ መጣች። ዘይነብ የኢድሪስ ልጅ ናት፤ እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ከሐዋ ሰልፍ ጋር ማንጎ እየተሸከመች ያደገች። ስትሮጥ ትከሻዋ ንቅንቅ አይልም። እታገኝን ራሷን ለልምምድ ያህል ትቀድማት ነበር። እኔም ወርቅ ያገኘሁ ሰው ሆንኩ፤ ለባለቤቴ ስለዘይነብ ሳወራ ወጡ ይቀዘቅዝ ነበር።

ችግሩ ኢድሪስ ለሰው ቃል መስጠቱ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ስትጨርስ ሊድራት ተነጋግሮ ጨርሷል። ውድድሩ ደግሞ ባምባሲ ነው፣ አንድ አዳር አለው። ብቻዬን ብሄድ ቱታዬን አይቶ ከበር እንደሚመልሰኝ ስላወቅኩ ሐዋን ለምኜ ይዣት ሄድኩ። ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። አማርኛ ለሁለቱም ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ እኔ እንድሰማ ብለው በአማርኛ ተነጋገሩ።

“ልጆቹ ሁሉ በእኔ ላይ ነው” አለችው ሐዋ። “እኔ ይወስዳል፣ እኔ ይመልሳል። አንድ አይጎድልም።”

ኢድሪስ ፂሙን ዳበሰ። “ሮጦ ምን ያመጣል?”

“ኢንሻአላህ ያመጣል።”

“እንግዲያ የሚታይ ነገር ይዞ ይምጣ” አለና ወደ እኔ ዞረ። እዚህ አስተማሪን ኡስታዝ ይሉታል። “ኡስታዝ፣ የሚታይ ነገር በእጁ ካለ ለሰውዬው ‘ልጄ ገና ይማራል’ ብዬ መናገር እችላለሁ። ባዶ እጁን ከመጣ ግን ቃል ቃል ነው። ከዝናብ በፊት ሰርግ ነው።”

ዘይነብ በሩ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር።  እኔ ግን ስመለስ የሚታይ ነገር ሲባል የታየኝ አንድ ብቻ ነው፤ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል የአንደኛነት ሜዳሊያ።

ከዚያ በኋላ ሐዋ ገበያዋን ጨርሳ ልምምድ ማየት ጀመረች። ባዶ ቅርጫቷ ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች። ዘይነብን ከፊት፣ እታገኝን ከኋላዋ፣ ደካሞቹን መጨረሻ አድርጌ ሳስሮጥ ሦስት ቀን ታገሠችኝ። በአራተኛው ቀን ጠራችኝ።

“ኡስታዝ፣ ሰልፍህ ተገልብጧል።”

“ይሄ ሩጫ ነው፣ ገበያ አይደለም” አልኳት።

“መንገድ አይደለም?”

“መንገድስ መንገድ ነው።”

“እንግዲያ አንድ ነው። ጎበዝ ፊት ከሄደ፣ ከኋላ የወደቀውን ማን ያየዋል?”

ሰልጥኜ የመጣሁ መሆኔን፣ ስለ ትንፋሽና ስለ ልብ ምት በመጽሐፍ የተማርኩ መሆኔን አስረዳኋት። እስክጨርስ በጥሞና ሰማችኝ።

“ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ይዘህ ሄድክ?”

“ስድስት።”

“ስንት ገባ?”

ፊሽካዬን ነፋሁ።

ባምባሲ የወረድነው በአይሱዙ፣ ማንጎ በሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። ሦስቱ ልጆች ሸራ ጫማ ነበራቸው፣ ሦስቱ የላስቲክ ኮንጎ፤ መንገዱን ሙሉ ሲዘፍኑ ሄዱ። በማግሥቱ ጠዋት ከተማው በሙሉ መንገድ ዳር ወጥቶ በኦሮምኛ፣ በበርታ፣ በአማርኛ ያበረታታል። ከመተከል በኩል የማንቡክ ልጆች መጥተዋል፣ ከወንበራዋ ደብረ ዘይት የመጡትም አሉ፤ ዓባይን በዙሪያ ጥምጥም ዞረው፣ ቀናት መኪና ላይ ሰንብተው ነው የደረሱት። የወንበራዎቹ የደጋ ልጆች ናቸው፤ ቁርጭምጭሚታቸውን አይቼ ፈራሁ። ዘይነብን ለብቻዋ ጠራኋት።

“ከመጀመሪያዋ ፊሽካ ጀምሮ ፊት ሁኚ” አልኳት። “አባትሽ ያለውን አትርሺ።”

“እሺ፣ ኡስታዝ።”

ሐዋ ደግሞ ለልጆቹ በበርታ ቋንቋ አንድ ሁለት ቃል ነገረቻቸው። ምን እንዳለች አልጠየቅኩም፤ ብጠይቅ ኖሮ ልቤ ባልደነገጠ። ፊሽካው ሲነፋ ሦስቱ የወንበራ ልጆች ተፈተለኩ። ዘይነብን ከኋላቸው ፈለግኋት፣ የለችም። የእኛ ስድስት ልጆች በሰልፍ ናቸው፤ ከፊት ከሁሉም የምታንሰው ደካማዋ፣ ከመጨረሻዋ በፊት እታገኝ፣ ከሁሉም ኋላ ዘይነብ። በዳር በዳር እየሮጥኩ “ውጪ! ዘይነብ፣ ውጪ!” እያልኩ ጮኽኩ። ዞራ አላየችኝም። ጉልበቴ ላይ ያለው መጣፊያ ተቀደደ። ሰልፉ ገና ባልታረሰው ሜዳ አልፎ ከቀርከሃው ጀርባ ተሰወረ፣ እኔም ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለኢድሪስ ምን እንደምለው ማሰብ ጀመርኩ።

ከቀርከሃው ሲወጡ መጀመሪያ የታዩት ሦስቱ የወንበራ ልጆች ናቸው፤ ቀጥሎ አንዲት የማንቡክ ልጅ። ከዚያ የእኛዎቹ፣ ስድስቱም፣ እንጨት ትከሻቸው ላይ ያለ ይመስል እኩል እየረገጡ። ቀድመው የፈጠኑት የሌሎች ቡድኖች ልጆች በሙቀቱ እየደከሙ ሲቆሙ፣ እነሱ አንድ በአንድ አልፈዋቸው መጥተዋል። ያቺ ትንሽ ልጅ አምስተኛ ገባች። ዘይነብ ከኋላቸው፣ ላቧ እንኳ በቅጡ ሳይወጣ፣ አሥረኛ። አሥረኛ የወጣ ሰው ሜዳሊያ ቀርቶ ስሙ አይነበብም። ለማናቸውም እንኳን ደህና ገባችሁ ሳልል ቦርሳዬን ፍለጋ ሄድኩ።

ከዳኞቹ አንዱ ነው የመለሰኝ። የወንበራ አራተኛ ልጅ አልገባችም፣ አራት ካልሞሉ አይቆጠሩም፣ ዋንጫው የእናንተ ሳይሆን አይቀርም አለኝ። ዋንጫ የሚታይ ነገር ነው።  በዚያን ጊዜ ሩቅ፣ ቀርከሃው ዳር፣ መሬት ላይ የተቀመጠች ልጅ ታየች። ዳኞቹ ወረቀታቸውን ሊዘጉ ነው። ሐዋ ተነሣችና ቶቧን ታጠቀች።

“ወዴት ነው?” አልኳት።

“አንድ ልጅ ቀርቷል።”

“የእኛ አይደለችም፣ የወንበራ ናት። እሷ ካልገባች ዋንጫው የእኛ ነው፣ ገባሽ?”

“ኡስታዝ፣ የመጨረሻው ሳይደርስ ገበያ የለም።”

“እንግዲያው ዘይነብን ዳርሻት፣ በቃ” አልኳት።

ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሐዋ ባለችበት ቆመች። ፊቷ ተለወጠ፣ አንድ ጊዜም ወደ ዘይነብ አየች። ዘይነብ ሰምታለች። ከተቀመጠችበት ተነሣች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ እኔን አልፋኝ ወደ ቀርከሃው መሄድ ጀመረች። ሐዋ ተከተለቻት። ልጅቷን አልነኳትም፤ መንካት እንደማይፈቀድ ለሐዋ ማን እንደነገራት አላውቅም። ከኋላዋ ቆመው የሆነ ነገር አሏት፣ ልጅቷም ተነሣች። እያነከሰች፣ እየቆመች፣ ሁለቱ ከኋላዋ፣ ሙሉውን ሜዳ አቋርጣ ገባች። ባምባሲ እንዲያ ሲያጨበጭብ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም።

ዳኞቹ መደመር ጀመሩ፤ ያን ያህል ጊዜ ምን እንደደመሩ ፈጣሪ ይወቅ። ከቁጣዬ ብዛት ስንት ሰው እንደገባ አልቆጠርኩም ነበር። የእኛ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሃያ ስድስት መጣ። የወንበራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስትና ያቺ ልጅ የገባችበት ሃያ ሦስት፣ ሃያ ዘጠኝ፤ ያነሰው የእኛ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የዘይነብ አሥረኛነት ድምሩ ውስጥ እንኳ አልገባም፤ ያለሷ ግን አምስተኛዋም ስምንተኛዋም ባልነበሩ። ይህ የገባኝ እዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው፤ የተማርኩት መጽሐፍ አልነገረኝም። ሐዋም አልቆጠረችም፤ ግን ቆጥራ ዋንጫው እንደሚያመልጠን ብታውቅም ትሄድ ነበር።

አሶሳ ስንገባ ዘይነብ ከሐዋ እንጨት ተቀብላ ትከሻዋ ላይ አጋደመች። ባንዱ ጫፍ ቅርጫት ውስጥ ዋንጫው ተቀመጠ፤ ሚዛን እንዲጠብቅ በሌላው ጫፍ የእኔን ቦርሳ አንጠለጠሉ። በሠፈራቸው የቀርከሃ መለከት ተነፋ፣ ሕፃናት ተከተሉን። ኢድሪስ ዋንጫውን አገላብጦ አየው።

“አንቺ ስንተኛ ነው?” አላት።

“አሥረኛ።”

“ከእኛ ልጆችስ?”

“የመጨረሻ” አለች ዘይነብ።

ላስረዳው አፌን ስከፍት በእጁ አስቆመኝ። ወደ ልጁ ዞረ። “እናቱም ከኋላ ነበር የሚሄደው” አለና ዋንጫውን ይዞ፣ ቃል ወደሰጠው ሰው ቤት፣ የዚያኑ ዕለት ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። በመስከረም ግን ዘይነብ ዘጠነኛ ክፍል ገባች።

ይኸው ዛሬ ስንት ዘመን ሆነው። ሐዋ ካረፈች ቆየች፤ በቀብሯ ቀን ገበያው አልተከፈተም፣ ደላሎቹም መጥተው አለቀሱ፣ ከልባቸው ነበር። እታገኝ ባምባሲ ላይ የእህል መጋዘን ከፍታ፣ የአይሱዙ ሾፌሮችን በእጅ ምልክት ታዛለች። ዘይነብ አሮጌው ገበያ አጠገብ የማንጎ ማድረቂያ ያቋቋሙትን ሴቶች ትመራለች፤ ማንጎው በፌስታል ታሽጎ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፣ ዋጋ ሲቆረጥ መጀመሪያ የምትጠየቀው ከሩቅ መንደር የመጣችው ናት። ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ሴት ልጆችን ታስሮጣለች። የቅዳሜው ውድድር የሷ ነው። የዋንጫው ሽልማት ሲዘገይ ማይክሮፎን የያዘው ሰውዬ ተቁነጠነጠ፣ ባለሥልጣኖቹ ሰዓታቸውን አዩ። እኔ ብቻ ምን እየተጠበቀ እንደሆነ አውቅ ነበርና ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። አንዲት ልጅ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ከኋላዋ ሁለት ልጆች ተከትለዋት፣ ስትገባ ዘይነብ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠች፤ ሽልማቱም ተጀመረ። ኩራት አንጀቴን ቅቤ አጠጣው፤ አልደብቅም።

ሲያልቅ፣ “ልሸኝዎት፣ ኡስታዝ” አለችኝ ዘይነብ። ባጃጅ ልትጠራ ስትል በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ዘጋሁባት። እግሬ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንድ አምስት እርምጃ ስሄድ አንድ ጊዜ እቆማለሁ። ስቆም ትቆማለች፣ ስሄድ ትሄዳለች፣ ሁልጊዜ ሁለት እርምጃ ከኋላዬ። እሷን የሚያህል ሰው፣ ከተማው ሁሉ ቆሞ ሰላም የሚላት ሰው፣ እኔን ስትከተል ደስ አላለኝም።

“ነይ እንጂ ልጄ፣ ከጎኔ ሁኚ” አልኳት።

“መንገዱ ጠባብ ነው፣ ኡስታዝ” አለች።

አዲሱ አስፋልት ሁለት አይሱዙ ጎን ለጎን ያሳልፋል።  ኮፍያዬን አስተካክዬ ከፊት ከፊቷ ሄድኩ።